እህሉን ያቃጠለው ሰው

ሸጊቱ ውባየሁ ሰውየውን ያወቀችው በድምፁ ነው። ጥር 1977 ዓ.ም. ነበር። ገዳሪፍ አውራጃ ውስጥ ኡም ራኩባ ከሚባለው ካምፕ ከደረሰች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የስድስት ዓመት ልጇን ኮከብን አዝላ፣ ለተጎዱ ሕፃናት ገንፎ ወደሚሰጥበት ድንኳን ለመግባት ተሰልፋለች። ከፊቷ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ እየቀነሱ ሲሄዱ፣ ከጠረጴዛው በኩል «የአባወራው ስም?» የሚል ድምፅ ሰማች። ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

አንገቷን አስግጋ አየችው። ሰውየው ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ የወታደር ካፖርቱ ቀርቶ እንደማንኛውም ስደተኛ የተተለተለ ሸሚዝ ለብሷል። እርሳሱን ግን እንደዚያን ጊዜው ጫፉን በምላሱ እያራሰ ይጽፋል። ተራዋ ደረሰ።

«የአባወራው ስም?»

«ታከለ» አለች።

«ታከለ ማን?»

«ታከለ አየነው። ሞቷል።»

«ነፍሱን ይማረው» አለና ጻፈ። ቀና ብሎም አላያት። ልጂቱን የሚያስመዝንላትን ካርድ ሰጥቶ «ቀጥይ እህቴ፣ በዚያ በኩል» ብሎ መንገዱን አሳያት። ሸጊቱ ካርዱን ተቀበለች። ሌላ ምን ታድርግ፤ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ሆና አንገቷን መሸከም አቅቷት ነበር።

ሸጊቱ የመጣችው ከጭልጋ ወረድ፣ ወደ መተማ ዘቅዘቅ ሲሉ ካለው ቆላ፣ ዋርካ ምንጭ ከምትባል ሠላሳ አባወራ ካላት መንደር ነው። በ1976 ኅዳር ላይ ማሽላው ተቆርጦ ክምሩ አውድማ ለአውድማ ቆሞ ነበር። ጫካ የገቡ ተዋጊዎች በዚያ በኩል ይመላለሱ ነበርና፣ መንደሩ ይቀልባቸዋል ተባለ። አንዳንዴ በልተው መሄዳቸው እውነት ነው። ጠመንጃ ይዞ ደጁ የቆመን ሰው ምሳ የሚከለክል ገበሬ የለም።

አንድ ማለዳ የመንግሥት ሚሊሻ መጣ። የሚመራቸው ሰው ጋረደው ይባላል። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ደብተር አውጥቶ፣ የየአባወራውን ስም እየጠየቀ፣ የማን ክምር የትኛው እንደሆነ መዘገበ። ሰዉ ግብር መስሎት ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዱ እንዳይበዛበት ብሎ ያለውን አሳንሶ ተናገረ። ምዝገባው ሲያልቅ ጋረደው ደብተሩን ደረት ኪሱ ከተተና «ለኩሱት» አለ። ክምሩ ሲያያዝ የእህል ጉድጓዶቹን አስከፍተው ናፍጣ ጨመሩባቸው።

ታከለ፣ የሸጊቱ ባል፣ እሳቱ ካልደረሰበት ወገን የቻለውን ያህል ሊጎትት ገባ። አንዱ ሚሊሻ ዞሮ ጋረደውን አየው። ጋረደው በአገጩ ጠቆመው፤ ሚሊሻው ተኮሰ። ሸጊቱ ይህን ያየችው ከቤቷ በር ላይ ሆና፣ ኮከብን በአንድ እጇ፣ ትንሹን ልጇን ታምሬን በሌላ እጇ ይዛ ነው። ከጎኗ ጎረቤቷ ውዴ ቆማ ነበር። ውዴም አይታለች።

ያን ዓመት ከዘመድ ዘመድ እየዞሩ ቆዩ። የሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። ዘመድም የሚሰጠው ሲያጣ፣ ከዋርካ ምንጭ የተረፈው ሰው ተሰባስቦ ወደ ሱዳን እግሩን አነሣ። ታምሬ ጓንግ ወንዝ ሳይደርሱ ሞተ። ሸጊቱና ውዴ በእንጨት ጫሩና ቀበሩት፤ ምድሩ ደንጊያ ስለነበር ጥልቅ ማድረግ አልቻሉም።

እንግዲህ በዚያ ጥር፣ ካርዱን ይዛ ከድንኳኑ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ውዴ ነው የሄደችው። ውዴ ከሣርና ከጆንያ የቀለሷት ጥላ ሥር ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች።

«ያ ሰውዬ እዚህ ነው» አለቻት። «ገንፎው ድንኳን በር ላይ የሚጽፈው፣ እሱ ነው።»

ውዴ ልጇን ከጡቷ አላቅቃ በሌላው በኩል አዞረችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ከመጣን ማግስት ነው ያወቅሁት።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ሸጊቱ፣ ይህ ልጅ ትንፋሹ ሊቆም ነበር። ሰልፉ መሽቶበት በሩ ሲዘጋ፣ ያ ሰውዬ ነው ከእጄ ነጥቆ እየሮጠ ሐኪሞቹ ዘንድ ያደረሰው። ሌላ ማንም አልነበረም። ምን ልበል? እህላችንን ያቃጠልከው አንተ ነህ ልበለው?»

ካምፑ ውስጥ ጋረደውን የሚወደው ሰው ብዙ ነበር። የሞተ ሰው ተሸክሞ ይቀብራል፤ ደብዳቤ ያነባል፤ የታመመ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ክፉ ሆኖ ቢቀጥል ለሸጊቱ ይቀላት ነበር።

በዚያው ሰሞን ላቀው የሚባል የቀድሞ አስተማሪ፣ ለሱዳኖቹ የሚያስተረጉም፣ የውሃ ተራ የሚጠብቀውን ሰው እየዞረ አንድ ነገር አስታወቀ። የሕግ ሰው የሆነች ሴት ከከሰላ መጥታለች፤ የስደተኛ ወረቀት የሚጠይቁትን ሁሉ ታነጋግራለች፤ በጦርነት ግፍ የሠራ ሰው ወረቀቱ አይሰጠውምና ስለዚያ የሚያውቅ ካለ ይምጣ ተብሏል። ሸጊቱ ማሰሮዋን እዚያው ትታ ተከተለችው።

«መምህር፣ እኔ አውቃለሁ» አለችው።

የሕግ ሴቲቱ ኢንቲሳር ትባላለች። መክተቧ፣ ማለትም ቢሮዋ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለበት የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። ነጭ ቶብ ተከናንባ፣ ብዙ ሳትናገር፣ የሸጊቱን ቃል ከሰዓት በኋላ ድረስ ጻፈች። አንድ ነገር ሳይገባት ሲቀር በላቀው በኩል መልሳ ታስጠይቃለች። ምን ያህል ሰው ነበር? በምን ያህል ርቀት ነበርሽ? ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? መንደሩ ውስጥ በዚያ ቀን ጠመንጃ የያዘ ተዋጊ ነበር? ሸጊቱ አንድም እንዳልነበረ ተናገረች። ኢንቲሳር ይኼኛውን ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት።

ሲጨርሱ ኢንቲሳር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

ሸጊቱን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንዲሞት እንደማትፈልግ ያን ጊዜ ነው ለራሷ የታወቃት፤ ሞት ጠግባ ነበር።

«ዳኛ ፊት ይቁምልኝ» አለች። «ያደረገውን ይናገር። ዳኛውም አጥፍተሃል ይበለው።»

ላቀው ተረጎመ። ኢንቲሳር ስትናገር ቀስ እያለች ነበር፤ ላቀውም ከእሷ ባልተናነሰ ቀስ እያለ አስረዳት። ለጦርነት ጊዜ የተጻፈ ሕግ አለ፤ ብዙ መንግሥታት ፈርመውበታል። ያልታጠቀ ሰው አይገደል፣ ሰው በረሃብ አይቀጣ ይላል። ታዝዤ ነው ያደረግሁት ማለትም ሰውን ነፃ አያወጣም።

«እሺ» አለች ሸጊቱ። «ዳኛው ማነው?»

ላቀው ጥያቄውን አስተላልፎ መልሱን ሰማ።

«ምን አለች?»

«ከትልቁ ጦርነት በኋላ ፈረንጆቹ ጀርመን አገር ላይ ያቋቋሙት ችሎት ነበረ፤ ሥራውን ጨርሶ ተዘግቷል ትላለች። እንደዚያ ያለ አሁን የለም። የሱዳን ዳኛ በእኔ ምድር አልተሠራም፣ ሠሪውም ተሠሪውም የእኔ ዜጋ አይደለም ይላል።»

«የአገሬስ ዳኛ?»

«የአገርሽን ዳኛ የሾመው ማነው?» አለ ላቀው፤ ይኼን ከራሱ ነው የተናገረው።

ኢንቲሳር የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወረቀቱን ማስከልከል። ለዚያም የአንድ ሰው ቃል ብቻውን የሚበቃ አልመሰላትም። ከበላይ ያሉት ሌላ ምስክር እንደሚጠይቁ ነገረቻት። ሸጊቱ የውዴን ስም ሰጠች። ስትወጣ፣ የተናገረችው የተጻፈበትን ወረቀት ግልባጭ እንዲሰጧት ጠየቀች። ለማስቀመጥ እንጂ ለማንበብ አልነበረም፤ ማንበብ አትችልም። ላቀው አፍሮ «አይሰጥም እህቴ፤ ምስጢር ነው» አላት።

«የእኔው ቃል?»

«አዎ።»

ውዴ በሦስተኛው ቀን ተጠራች። ልጇን ታቅፋ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ሸጊቱ ውጭ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ምን አልሻቸው?»

«ሚሊሻ መጥቶ ማቃጠሉን ተናግሬያለሁ። ታከለን መግደላቸውንም። አለቃቸውን ግን ጭሱ ከልሎኝ መልኩን አላየሁም አልኩ።»

«ውዴ፣ ጭስ ሳይነሣ ነበር እኮ ያየሽው። የአባወራሽን ስም ጠይቆሻል።»

«አዎ፣ ጠይቆኛል» አለች ውዴ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ነገ ይህ ልጅ መልሶ ቢታመም ማን ዘንድ ልውሰደው? ሕጉ ዘንድ ልውሰደው? አትቆጪኝ ሸጊቱ። አቅቶኝ ነው።»

ሸጊቱ አልተቆጣቻትም። የውዴን ልጅ ተቀብላ እስከ ጥላዋ ድረስ አዘለችላት። ሌላ የምትሠራው ነገር አልታያትም።

ጋረደው መጠየቁ አልቀረም። ኢንቲሳር ፊት ቀርቦ የጽሕፈት ሥራ ይሠራ እንደነበር፣ ዋርካ ምንጭ የሚባል አገር እንደማያውቅ ተናግሮ ፈረመ። የከሰሰችው ማን እንደሆነች አልተነገረውም፤ ካምፕ ውስጥ ግን ምን ይደበቃል። በሳምንቱ ሸጊቱ ከውሃ ታንኩ ሥር ተራ ስትጠብቅ መጥቶ ከጎኗ ቁጢጥ አለ።

«አንቺ ነሽ አሉኝ» አላት በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

ሸጊቱ የማሰሮዋን ጆሮ ጨብጣ ያዘች።

«እኔ ነኝ፤ አልዋሽሽም» አለ። «መክተቡ ውስጥ ያልኩትን ሌላ ምን ልል እችል ነበር? አዎ ብል ወረቀት ይከለክሉኛል። ወረቀት ካጣሁ አንድ ቀን ድንበር ያሻግሩኛል፤ ከተሻገርኩ ደግሞ የገዛ ጓዶቼ ይረሽኑኛል። በመጨረሻ እኔንም ጠርጥረውኝ ነው የሸሸሁት።»

«ይህንኑ ለሴትየዋ ንገራት።»

«አልችልም።»

«ለእኔ ብቻ ምን ያደርግልኛል?»

ጋረደው አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሸጊቱ ዕድሜ ልኳን ያልረሳችውን። «የእናንተ የትኛው ነበር?» አላት። «አትቀየሚኝ፤ ብዙ መንደር ነው። ወንዝ ያለው ነው? ወይስ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ያለው?»

ስለ ዋርካ ምንጭ ምን ብላ እንደምትነግረው ሸጊቱ ግራ ገባት። ዋርካው፣ ምንጩ፣ የታከለ አውድማ፣ እሱ የማያስታውሰውን እንዴት አድርጋ ታስታውሰው? ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ማሰሮዋን አንሥታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ዞር ስትል ሄዷል።

በማግስቱ ወደ ኢንቲሳር ሄዳ ያለውን ሁሉ ነገረቻት። ኢንቲሳር ጻፈችው። «ይህን ሲል ሌላ የሰማ ሰው ነበር?» አለቻት። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች በርካታ ነበሩ፤ ሁሉም የራሳቸውን ተራ ነበር የሚጠብቁት። ሸጊቱ እየዞረች ጠየቀቻቸው። አንዷ፣ አነጋገሩ ሰላምታ መስሎኝ ነበር አለቻት።

ውሳኔው የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ካርቱም ላይ መንግሥት ተለውጦ፣ መንገዱም ቢሮውም ሁሉ ግራ ተጋብቶ ነበር። ኢንቲሳር ላቀውን ይዛ ራሷ እስከ ሸጊቱ ጥላ መጣች። ሸጊቱ የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ጆንያ አነጠፈችላት። አንድ ምስክር ብቻ ስለሆነ፣ እሷም ባሏ የሞተባት በመሆኗ ሌላ የሚደግፋት ማስረጃ ስለሚያስፈልግ፣ ጉዳዩ ተቀባይነት አላገኘም ተባለች። ጋረደው ወረቀቱን ያገኛል።

«ባሌ ስለሞተ ነው ያላመኑኝ?» አለች ሸጊቱ።

ላቀው ይህን ከመተርጎሙ በፊት ኢንቲሳርን ዓይኗን አየ። ኢንቲሳር ስትሰማው ቶቧን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «ማዕሌሽ» አለች። ሱዳኖች ለትንሹም ለትልቁም ነገር አይዞሽ፣ ይቅርታ ሲሉ የሚሉት ቃል ነው። ከዚያ ሌላ የምትለው አልነበራትም። «እኔ አምኜሻለሁ» አለች ስትነሣ፤ «የእኔ ማመን ግን ምንም አይፈይድም።» በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች፤ ሸጊቱ ዳግም አላየቻትም።

ጋረደው በዓመቱ ከካምፑ ወጥቶ ገዳሪፍ ገባ፤ ከዚያም በስደተኛ ኮታ በረዶ ወዳለበት ሩቅ አገር ሄደ ተባለ። ሲሸኝ ብዙ ሰው አለቀሰለት።

ሸጊቱም ኮከብ ከዳነች በኋላ ገዳሪፍ ገባች። ሰሊጥ በሚበጠርበት ግቢ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀጥራ ዓመታት አሳለፈች። እጇ ፈጣን ነበር፤ አረብኛውንም ለመደች። የሚያውቋት ሁሉ ዝምተኛ ናት ይላሉ። ላቀው ከተማ በመጣ ቁጥር ይጠይቃት ነበር፤ በ1983 አገር ቤት ያለው መንግሥት ወደቀ የሚለውን ወሬ የነገራትም እሱ ነው። ኋላም፣ ያን ጊዜ ግፍ የሠሩ ሰዎች ሊከሰሱ ነው፣ ቃል የሚቀበሉ ሰዎች ጎንደር ገብተዋል አላት።

ሸጊቱ ኮከብን፣ እሷም ገዳሪፍ ለገባችው ለውዴ አደራ ሰጥታ፣ በሎሪ መኪና ድንበሩ ላይ እስካለችው ገላባት፣ ከገላባት በእግሯ መተማ ተሻግራ ጎንደር ገባች። ሁለት ቀን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ተራ ደረሳት። የተቀበላት ወጣት የሕግ ሰው ነው፤ በአክብሮት «እናቴ» እያለ አነጋገራት። ስታወራ አላቋረጣትም። የታከለን ስም ጽፎ፣ ታምሬ ላይ ሲደርስ ግን እርሳሱን አቁሞ ጠየቃት።

«ልጁን ማን ገደለው?»

«ረሃቡ።»

«ጥይት አልነበረም?»

«እህሉ ተቃጥሎ ነው እኮ የሞተው።»

ወጣቱ አሰበ። «እጽፈዋለሁ» አለ፤ «ግን ከመቃጠሉ እስከ መሞቱ ዓመት አልፏል፤ መሐል ድርቅ ገብቷል። ጠበቃቸው እግዜር ያደረገው ነው ይላል።» ከዚያ ጋረደው የት እንዳለ ጠየቃት። ውጭ አገር አለች። የትኛው አገር? አታውቅም። የአባቱስ ስም? እሱንም አታውቅም። እሱ የሁሉን አባወራ ስም መዝግቧል፤ እሷ ግን የእሱን የአባት ስም እንኳን አታውቅም። ወጣቱ በአውራ ጣቷ አስፈርሟት ካገኘነው እንጠራሻለን አላት። ሊያታልላት ብሎ አልነበረም፤ ከኋላው ግድግዳውን ይዞ የተከመረውን መዝገብ ሸጊቱ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ በኋላ የጠራት የለም።

በ1995 ዓ.ም. አንድ ቀን፣ ከሥራ ስትመለስ ውዴ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሁለቱም ጸጉራቸው ሸብቷል፤ የውዴ ልጅ ሹፌር ሆኗል።

«ጋረደው ሞቷል» አለቻት። «በዚያ በብርዱ አገር። እናኑ ዘንድ ለቅሶ ተቀምጠዋል።»

እናኑ የሸጊቱ ጎረቤት ናት፤ ግድግዳቸው አንድ ነው። የጋረደው የአክስቱ ልጅ መሆኗን ሸጊቱ እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር። ኮከብ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ስታዋልድ ያደረችው እናኑ ናት። ሸጊቱ ታምማ የተኛች ጊዜ ሾርባ ያመላለሰችላት እናኑ ናት።

«አትሂጂ» አለቻት ውዴ። «ልቅር ብትይ አሟታል እልላቸዋለሁ።»

ሸጊቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሄደች። ጎረቤት ሆኖ እንዴት ይቀራል።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሞልቷል። ከመላው ገዳሪፍ፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ ሳይቀር የመጡ ነበሩ። ካምፕ ላይ የሚያውቁት እየተነሡ ስለ እሱ ያወራሉ። እናቴን የቀበራት እሱ ነው አለ አንዱ። እንደ እሱ ያለ ሰው የት ይገኛል አለች ሌላዋ፤ የእነሱ እንባ ደግሞ የውሸት አልነበረም። ሸጊቱ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ አደመጠች። ደጋግማ ልትናገር አሰበች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር እንኳን አዘጋጅታ ነበር። ዙሪያዋን ስታይ ዳኛ የለም፤ ተከሳሽም የለም፤ ያለችው ዓይኗ ያበጠ ጎረቤቷ ናት።

እናኑ አይታት መጣችና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ሸጊቱዬ፣ አንቺም ታውቂው ነበር አይደል?» አለቻት። «ኡም ራኩባ ላይ።»

«አውቀው ነበር» አለች ሸጊቱ።

«ደግ ሰው ነበር አይደል?»

ውዴ በዚያ ማዶ ሆና ትመለከታታለች። ሸጊቱ የእናኑን ጀርባ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገች። «እግዜር ያጽናሽ እናኑ» አለች። «እግዜር ያጽናሽ።»

በማግስቱ ለለቅሶ ቤቱ ውሃ የመቅዳት ተራ የሷና የውዴ ነበር። በጠዋት ተነሥተው ጀሪካኖቻቸውን ይዘው ወጡ።